ይለፍ፦ የቪዛ ታሪክና የሁለቱ ዘላኖች ነገር

ከእኛ ከተማሪዎች መካከል ስለ ቪዛ ያላወራ ማን አለ? አንዱ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ የኤምባሲ ቀጠሮ ይጠብቃል። አንዷ እኅቷ ከቤይሩት በምትልክላት ገንዘብ ትማራለች። ሌላው ደግሞ ኮምፒዩተሩን ይዞ ለባሕር ማዶ ድርጅት መሥራት እንደሚቻል ሰምቶ፣ «ሥራው በእጄ ከሆነ የትም ሄጄ ብሠራስ?» እያለ ያሰላስላል። ታዲያ ስለ ቪዛ ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ዕድል ነው። የተፈቀደለትን «ዕድሉ ቀና» እንላለን፤ የተከለከለውን «ዕድሉ ጠመመ» እንላለን። ቪዛ እንደ ዝናብ ከላይ የሚመጣ፣ ማንም ያልሠራው ነገር ይመስለናል።

ሐቁ ግን እንዲያ አይደለም። ቪዛ ሰው የሠራው ነገር ነው። ዛሬ በምናውቀው መልኩ የተሠራበት ዘመን ይታወቃል፤ ዕድሜውም ከመቶ ዓመት ብዙም አይዘልም። የተሠራበት ምክንያትም ይታወቃል፤ ምክንያቱ ካለፈ በኋላ ለምን እንደ ቀረም ይታወቃል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ላሳይ የምሞክረው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ድሮ የመንገድ ወረቀት ይጻፍ የነበረው መንገደኛውን ለመጠበቅ ሲሆን፣ ዛሬ ግን የሚጻፈው አገሩን ከመንገደኛው ለመጠበቅ መሆኑን ነው። ይህን ካላወቅን ቆንሲሉ «አይሆንም» ባለን ጊዜ የተፈረደው በእኛ ሰውነት ላይ ይመስለናል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

፩. ወረቀቱ ጠባቂ በነበረ ጊዜ

በመጽሐፈ ነህምያ እንደምናነበው፣ የፋርሱ ንጉሥ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ የነበረው ነህምያ የፈረሰችውን የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሊሠራ በተነሣ ጊዜ፣ በወንዝ ማዶ ያሉት ገዢዎች እንዲያሳልፉት ደብዳቤ ይጻፍልኝ ብሎ ንጉሡን ለመነ፤ ተጻፈለትም። ልብ እንበል፤ ያ ደብዳቤ ተሸካሚውን አይመረምርም። የሚያዝዘው ተቀባዩን ነው። «ይህን ሰው አሳልፈው፣ እንጨትም ስጠው» የሚል ዓይነት ነው። ገንዘብህ ስንት ነው፣ መቼ ትመለሳለህ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

በእኛም አገር ከዚህ የሚቀራረብ ሥርዓት ነበረ። በ19ኛው መቶ ዓመት ከምፅዋ ወይም ከዘይላ ተነሥቶ ወደ ደጋው የሚወጣ የውጭ አገር ሰው ከንጉሡ ወይም ከአካባቢው ገዢ ፈቃድ ሳያገኝ እንደ ልቡ ኬላ አያልፍም ነበር። አንዳንዱ ፈቃዱን እየጠበቀ በጠረፍ ለወራት ይቀመጣል። ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። መንገደኛው የንጉሥ እንግዳ ይሆናል፤ በየደረሰበት መንደር ድርጎ ይቀርብለታል። እንጀራው፣ ማሩ፣ በጉ ይመጣል። እርግጥ ነው ድርጎውን የሚያወጣው ገበሬው ነው እንጂ ንጉሡ አይደለም፤ ስለዚህ የድሮውን እንግዳ ተቀባይነት ስናመሰግን ሂሳቡ በማን ጫንቃ ላይ እንደ ወደቀ አንርሳ። የሆነው ሆኖ የይለፉ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ የተፈቀደለትን ሰው አገሩ ይጠብቀዋል።

ግን ደግሞ ራሳችንን አናሞካሽ። በእኛ ቤት በሩ ለመግባት ብቻ ሳይሆን ለመውጣትም ይከብድ ነበር። ፔሮ ዳ ኮቪላ የሚባለው የፖርቱጋል መልእክተኛ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም አፄ እስክንድር ዘንድ ደረሰ። በደኅና ተቀበሉት። አፄ እስክንድር ከሞቱ በኋላ ግን አፄ ናዖድ እንዲመለስ አልፈቀዱለትም። ርስት ተሰጠው፣ ሚስት አገባ፣ ልጆች ወለደ፤ የመውጫው ፈቃድ ብቻ ቀረ። በ1520 የመጣው የፖርቱጋል ልዑክ ኮቪላን ያገኘው አርጅቶ እዚሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ባለው ዘመንም ነገሩ አልጠፋም። በደርግ ጊዜ ዜጋው የገዛ አገሩን ለቅቆ ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ያስፈልገው ነበር፤ እሱን የጠበቁ ወላጆቻችን ያውቁታል። በር ሁለት ገጽ እንዳለው እዚህ ላይ ያዙልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

፪. «ክፍት ነበር» የተባለው ዓለም

ኦስትሪያዊው ደራሲ ስቴፋን ዝቫይግ ከ1914 በፊት ወደ ሕንድና ወደ አሜሪቃ ያለ ፓስፖርት እንደ ተጓዘ ጽፎአል። ውሸት አይደለም። የባቡር ሐዲድ አውሮፓን ባጥለቀለቀ ጊዜ፣ በየጠረፉ ባቡሩን እያቆሙ የሰውን ሁሉ ወረቀት ማየት የማይቻል ሆነ፤ ስለዚህ ከ1860ዎቹ ጀምሮ ብዙዎቹ የምዕራብ አውሮፓ መንግሥታት ፓስፖርትን ተዉት። አጥብቀው የያዙት እንደ ሩስያና እንደ ኦቶማን ቱርክ ያሉት ነበሩ። ቲኬት የገዛ ሰው ይሄዳል፤ በቃ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ክፍት የነበረው ለማን ነው? ዝቫይግ ያለ ፓስፖርት በሚዞርበት በዚያው ዘመን የቻይና ሠራተኛ ወደ አሜሪቃ እንዳይገባ በ1882 በወጣ ሕግ ተከልክሎአል። ነጋዴው፣ መምህሩና ተማሪው ግን ከመንግሥቱ የምስክር ወረቀት ይዞ መግባት ይችላል። የተዘጋው በጉልበቱ ለሚያድረው ነው። ሕጉ የተሻረው በ1943 ሲሆን፣ ያን ጊዜም ለቻይናውያን የተሰጠው ኮታ በዓመት 105 ሰው ነበር።

የአውስትራሊያው ደግሞ ይብሳል። በ1901 በወጣው ሕግ የቆዳ ቀለም የሚል ቃል የለም። ያለው የቃለ ጽሕፈት ፈተና ነው፤ መርማሪው በመረጠው የአውሮፓ ቋንቋ 50 ቃላት ያነብባል፣ መጤው ይጽፋል። እንግሊዝኛ የሚያውቅ እስያዊ ቢመጣ በሌላ ቋንቋ ይፈተናል፤ መውደቁ አይቀርም። በ1934 ናዚን የሚቃወም ኤጎን ኤርቪን ኪሽ የሚባል የፕራግ ጋዜጠኛ ሜልበርን ደረሰና እንዳይወርድ ተከለከለ። ከመርከቡ ወደ ወደቡ ዘለለ፣ እግሩ ተሰበረ። ሰውየው ብዙ ቋንቋ ያውቃል፤ ስለዚህ ሲድኒ ላይ በስኮትላንድ ጌሊክ ፈተኑት! እንዴት አድርጎ ይጻፈው? ጉዳዩ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰና ፍርድ ቤቱ፣ ጌሊክ በዚህ ሕግ አነጋገር የአውሮፓ ቋንቋ አይደለም ብሎ ለኪሽ ፈረደ። ታሪኩ ያስቃል፤ ትምህርቱ ግን አያስቅም። የመግቢያ ሕግ አንድ ነገር እየጠየቀ ሌላ ነገር ሊለካ ይችላል። ፈተናው እስከ 1958 ድረስ ቆየ።

፫. ጦርነቱ ሄደ፣ ወረቀቱ ቀረ

በ1914 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ መንግሥታቱ ሁሉ ሰላይን ፈሩ። ወታደር መሆን የሚችለው ዜጋ እንዳያመልጥ፣ የጠላት አገር ሰው እንዳይገባ ተብሎ ፓስፖርትና ቪዛ ግዴታ ሆኑ። ፎቶግራፍ በወረቀቱ ላይ መለጠፍ የተለመደው በዚሁ ጊዜ ነው። አሜሪቃም በ1918 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። ሁሉም ያለው፣ «ይህ ለጦርነቱ ጊዜ ብቻ ነው» ነው።

ጦርነቱ አለቀ። በ1920 የዓለም መንግሥታት ማኅበር ስለ ፓስፖርት ለመነጋገር በፓሪስ ጉባኤ ጠራ። ተሰብሳቢዎቹ ወደ ቀድሞው ነጻ ጉዞ መመለስን ተመኙ፤ «ለጊዜው ግን አይቻልም» አሉና ፓስፖርቱ በአንድ ዓይነት መልክ እንዲሠራ ተስማሙ፤ 32 ገጽ ያለው ደብተር ይሁን፣ ቢያንስ በሁለት ቋንቋ ይጻፍ፣ አንዱ ፈረንሣይኛ ይሁን ተባለ። በ1926 ደግሞ በጄኔቭ ተሰበሰቡ፤ ይቅር የሚል ሐሳብ ተነሣ፤ አልተስማሙም። ከዚያ በኋላ «ለጊዜው» የሚለው ቃል ተረሳና ደብተሩ ቀረ። አንድ መንግሥት በጭንቅ ቀን የያዘውን ሥልጣን በደኅና ቀን ለመልቀቅ እንደማይቸኩል እኛ አገር ለኖረ ሰው ማስረዳት አያሻም።

ወረቀት ግዴታ ሲሆን ወረቀት የሌለው ሰው ተፈጠረ። የሶቪየት መንግሥት በ1921 ከአብዮቱ የሸሹትን ሩስያውያን ዜግነት ገፈፈ። እነዚህ ሰዎች የሚሄዱበት አገር ብቻ ሳይሆን የሚመለሱበትም አገር አጡ። ኖርዌያዊው የዋልታ አሳሽ ፍሪድትዮፍ ናንሰን በ1922 ለእነሱ የሚሆን ወረቀት መንግሥታትን አስማማ፤ ኋላም ለአርመኖችና ለሌሎች ተስፋፋ። «የናንሰን ፓስፖርት» ተባለ። ወደ 450 ሺህ ያህል ሰው ወሰደው፤ ከነዚህም መካከል የሙዚቃ ደራሲው ስትራቪንስኪና ሠዓሊው ሻጋል ይገኛሉ። ወረቀቱ የመጠለያ መብት አይሰጥም ነበር፤ የሚለው፣ «ይህ ሰው ሰው ነው፣ ስሙም ይህ ነው» ብቻ ነው። እሱን እንኳ ለማስፈቀድ ስንት ድካም ወሰደ።

ወደ አሜሪቃ ስንመለስ፣ በ1924 የወጣው የስደተኞች ሕግ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ምርመራው ሰውየው ከመርከብ ከወረደ በኋላ ብቻ መሆኑ ቀረና በሩ ራሱ ወደ ውጭ አገር ተሻገረ፤ ከአገሩ ሳይነሣ ከአሜሪቃ ቆንሲል ቪዛ መያዝ ግድ ሆነ። ሁለተኛ፣ ለየአገሩ ኮታ ተቆረጠ። ስሌቱ በ1890 የሕዝብ ቆጠራ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ይኸውም ኢጣሊያኖች፣ ፖሎኞችና የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች በብዛት ከመግባታቸው በፊት በነበረው ቁጥር ላይ ነው። ለጀርመን 51,227፣ ለእንግሊዝ 34,007 ደረሰ። ለኢትዮጵያስ? 100። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ከሌሎቹ እኩል ተቀምጣለች፤ በኮታው መዝገብ ላይ ግን ከዝቅተኛው እርከን ነበረች። የአገር ነጻነትና የፓስፖርት ክብር አንድ እንዳልሆኑ ያን ጊዜ ታየ። ይህ ኮታ በ1965 ቀረ፤ በ1990 በወጣው ሕግ ደግሞ ስንቱን ሰፈር ያንጫጫው የዲቪ ሎተሪ ተወለደ። «ዕድል» የሚለው ቃል በቪዛ ላይ የተጣበቀው አንድም በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

፬. ማኅተም ነፍስ በሆነ ጊዜ

የኮታው ዋጋ በ1930ዎቹ መጨረሻ ተከፈለ። በ1938 የ32 አገሮች መልእክተኞች ከጀርመንና ከኦስትሪያ ስለሚሸሹት አይሁዶች ለመምከር በፈረንሣይ ኤቪያን ተሰበሰቡ። እያንዳንዱ አዘነ፤ እያንዳንዱም በሬ ሞልቶአል አለ። ብዙ ሰው እቀበላለሁ ያለችው የዶሚኒካን ሪፑብሊክ ብቻ ነበረች። በ1939 «ሴንት ሉዊስ» የሚባል መርከብ 937 መንገደኞች ይዞ ሃቫና ደረሰ። አብዛኞቹ ከኩባ የመውረጃ ፈቃድ ገዝተው ነበር፤ መንግሥቱ ፈቃዱን ሠረዘው። የወረዱት 28 ብቻ ናቸው። አሜሪቃም አላስገባቻቸውም። መርከቡ ወደ አውሮፓ ተመለሰ፤ ከተመለሱት ውስጥ 254ቱ በናዚ እልቂት አለቁ። ወረቀት ነበራቸው። ወረቀቱ ግን በሰጪው ፈቃድ የሚኖር፣ በሰጪው ፈቃድ የሚሞት ነው።

በዚያው ጨለማ ውስጥ ማኅተሙን በሌላ መንገድ የተጠቀሙበት ጥቂት ሰዎች ነበሩ። በ1940 በፈረንሣይዋ ቦርዶ የፖርቱጋል ቆንሲል የነበረው አሪስቲዴስ ዴ ሶውዛ ሜንዴስ የመንግሥቱን ትእዛዝ ጥሶ ለሺህዎች ቪዛ ፈረመ። መንግሥቱ ከሥራው አባረረው፤ በ1954 በድኽነት ሞተ። በዚያው ዓመት በሊትዌንያዋ ካውናስ የጃፓን ምክትል ቆንሲል የነበረው ቺዩኔ ሱጊሃራ ከ2,000 በላይ የማለፊያ ቪዛ በእጁ ጻፈ። እነዚህን ሰዎች ማመስገን ይገባል። ነገር ግን ከምስጋናው ጋር ማሰብ ያለብን አለ። የሰው ነፍስ በአንድ ቆንሲል ደግነት ላይ ከተንጠለጠለች ሥርዓቱ ታምሞአል ማለት ነው። ደግ ቆንሲል የደረሰው ተረፈ፤ ደንብ አክባሪ ቆንሲል የደረሰው አለቀ።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1948፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰብአዊ መብቶችን መግለጫ አወጀ። አንቀጽ 13 ማንም ሰው ከማንኛውም አገር፣ ከራሱም አገር ጭምር፣ የመውጣትና ወደ አገሩ የመመለስ መብት አለው ይላል። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ይህንኑ ይዞአል። ጥሩ ነው። ግን ወጥቶ ወደየት? ወደ ሌላ አገር የመግባት መብት በመግለጫው ውስጥ የለም። ቀደም ብዬ በር ሁለት ገጽ አለው ያልሁት ለዚህ ነው። የመውጫው ገጽ መብት ሆነ፤ የመግቢያው ገጽ የባለቤቱ ፈቃድ ሆኖ ቀረ። የሰው ልጅ ግማሽ በር ተሰጠው ማለት ነው።

፭. ኬላው ቦሌ ደረሰ

በ1985 አምስት የአውሮፓ መንግሥታት ሼንገን በምትባል የሉክሰምበርግ መንደር ተፈራረሙና በ1995 በመካከላቸው ያለው የጠረፍ ምርመራ ቀረ። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ መናቅ የለብንም። በአንድ ትውልድ ዘመን ሁለት ጊዜ የተራረዱ ሕዝቦች ኬላቸውን አፈረሱ። ዳሩ ግን የውስጡ በር ሲከፈት የውጩ አጥር ጠበቀ። በ2001 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ የዓለምን አገሮች በሁለት መዝገብ ከፈለ፤ ዜጎቻቸው ቪዛ የሚያስፈልጋቸውና የማያስፈልጋቸው ብሎ። ኢትዮጵያ በየትኛው እንዳለች መናገር አያሻም። በ2009 በወጣው የቪዛ ሕግ ደግሞ የ12 አገሮች ዜጎች፣ የእኛም ጭምር፣ ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን ለመለወጥ ብቻ በጣቢያው ለማለፍ እንኳ ቪዛ እንዲኖራቸው ተደነገገ። መሬቱን ሳይረግጥ ማለት ነው!

ከሁሉ የሚገርመው ግን ኬላው ራሱ መጓዙ ነው። እንግሊዝ በ1987 ባወጣችው ሕግ ቪዛ የሌለውን ሰው ያመጣ አየር መንገድ ለአንዱ ሰው አንድ ሺህ ፓውንድ እንዲቀጣ አደረገች። ሌሎችም ተከተሉ። ስለዚህ መርማሪው የጠረፍ ፖሊስ መሆኑ ቀረ፤ ሻንጣ የምትመዝነው የአየር መንገድ ሠራተኛ ሆነች። የአውሮፓ ጠረፍ በቦሌ አየር ጣቢያ ከሚዛኑ አጠገብ ተተከለ። የሚሸሸውም ሰው በአውሮፕላን መሄድ ስላልቻለ በሊቢያ በኩል በጀልባ ሄደ።

በቅርቡ የሆነውንም እንጨምር። በኤፕሪል 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ ገደብ ጣለ። ማመልከቻ የሚታይበት 15 ቀን ወደ 45 ቀን እንዲረዝም፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥ ተወሰነ። የተሰጠው ምክንያት መንግሥታችን በአውሮፓ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን በመቀበል ረገድ አልተባበረም የሚል ነው። የተጣሉት መንግሥታት ናቸው፤ 45 ቀን እንዲጠብቅ የተደረገው ግን ተራው አመልካች ነው። በዚያው ዓመት በጁን ወር የማመልከቻው ዋጋ ከ80 ወደ 90 ዩሮ ወጣ፤ ተከልክዬአለሁና መልሱልኝ አይባልም። አንድ ነገር ግን እንወቅ፤ ከ2011 ጀምሮ የሼንገን ቪዛ የከለከለ ቆንሲል ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ ይግባኝ ማለትም ይቻላል። ብዙዎቻችን ይህን ሳናውቅ ወረቀቱን አጥፈን ወደ ቤት እንሄዳለን።

፮. ሁለቱ ዘላኖች

አሁን ወደ አዲሱ ነገር እንድረስ። በ2020 ወረርሽኙ አየር ጣቢያዎችን ሲዘጋ በቱሪስት የሚኖሩ አገሮች ባዶ ቀሩ። በዚያው ጊዜ የቢሮ ሠራተኛው ሁሉ ከቤቱ ሆኖ በኮምፒዩተር ይሠራ ጀመር። የድሮው የቪዛ ሕግ ግን ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ ገንዘብ የሚያጠፋ ጎብኚና የአገሩን ሥራ የሚወስድ ሠራተኛ። እየሠራ ሳለ የማንንም ሥራ የማይወስድ፣ ደመወዙ ከሌላ አገር የሚመጣ ሰው በሕጉ ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ አዲስ ቪዛ ተፈለሰፈ። ባርቤዶስ በጁላይ 2020 በዓመት 50,000 ዶላር ለሚያገኝ ሰው የአንድ ዓመት መቀመጫ ሰጠች። ኤስቶንያ በኦገስት ተከተለች፤ በወር 3,504 ዩሮ ጠየቀች። ዱባይም በዚያው ዓመት በወር 5,000 ዶላር ላለው በሯን ከፈተች። ክሮሺያ፣ ፖርቱጋል፣ እስፓኝ ቀጠሉ። ጃፓን በ2024 በዓመት 10 ሚሊዮን የን ጠየቀች፤ ይህም ብቻ አልበቃም፤ ቪዛ የማትጠይቃቸውና የታክስ ስምምነት ያላት አገሮች ዜጋ መሆን ያስፈልጋል። ስለዚህ ገንዘቡን ያገኘ አበሻ ቢመጣ እንኳ በፓስፖርቱ ይቀራል።

ይህን ሰው «ዲጂታል ዘላን» ብለው ይጠሩታል። ዘላን! በእኛ አገር ይህ ቃል ስንት ሰው የተሰደበበት ነው። አፋሩ፣ ሱማሌው፣ ቦረናው ከብቱን ይዞ ሣርና ውሃ ሲከተል «ዘላን» ተብሎ ተንቆአል፤ «አርብቶ አደር» በሉ የተባልነው ኋላ ነው። ታሪክ ደግሞ የሚያስገርም ነገር ይነግረናል። በ1897 የእንግሊዙ ልዑክ ሬኔል ሮድ ከምኒልክ መንግሥት ጋር ስለ ሱማሌ ጠረፍ ሲዋዋል፣ በራስ መኮንንና በእሱ መካከል በተለዋወጡት ደብዳቤ፣ ከመስመሩ ወዲህም ወዲያም ያሉ ጎሣዎች በማዶው ግጦሽ እንዲጠቀሙ፣ በቅርብ ወዳለውም ጉድጓድ እንዲሄዱ ተፈቅዶ ነበር። ሁለቱ ወገኖች እረኛውን ሳይጠይቁ መሬቱን ቢካፈሉም፣ ዝናብ መስመር እንደማያውቅ ግን ገብቶአቸዋል። እንግዲህ ዘላን ከሥራው ጋር ጠረፍ የሚሻገር ሰው ከሆነ፣ ከብት የሚነዳው ይቀድማል። ዛሬ ቪዛ የሚሳልለት ግን ኮምፒዩተር ያነገተው ነው።

ሁለተኛውን ንጽጽር ለመጨረስ ሩቅ መሄድ የለብንም። ከቦሌ ወደ ዱባይ በሚበርረው በአንዱ አውሮፕላን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው እንበል። አንዱ ከሌላ አገር መጥቶ በአዲስ አበባ የሚያልፍ፣ በኮምፒዩተር የሚሠራ ነው። ቪዛው በስሙ ነው፤ ዋሱ ራሱ ነው። አሠሪውን ቢቀይር፣ ቤቱን ቢቀይር፣ ቢሰለቸውና ቢሄድ ማንም አይጠይቀውም። ሁለተኛዋ የወሎ ልጅ ናት፤ ለቤት ሥራ ተቀጥራለች። የእሷ መኖሪያ ፈቃድ በከፋላ ሥርዓት ከአሠሪዋ ጋር የተሰፋ ነው። ደመወዝ ቢከለክሏት፣ ቢመቷት፣ ከዚያ ቤት በወጣች ሰዓት «ጠፋች» ትባላለች፤ ሕገ ወጥ ትሆናለች። ፓስፖርቷም ብዙውን ጊዜ በእሷ እጅ አይደለም። ሁለቱም ባዕድ አገር ይሠራሉ። አንዱ የሚሠራው ለማያየው አገር ነው፤ እሷ ግን የምትሠራው ለዚያው አገር ነው፤ ልጁን ታጥባለች፣ ወለሉን ትወለውላለች፣ አሮጊቷን ታስታምማለች። አገሩ የሚያምነው የማይሠራለትን፣ የሚጠረጥረው የሚሠራለትን ሆነ።

የዚህ ሥርዓት ዋጋ ምን እንደሆነ አይተናል። በ2013 መጨረሻ ሳውዲ ዓረቢያ ባደረገችው አፈሳ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመለሱ። መንግሥታችንም በዚያው ዓመት ለሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄድን ከለከለ፤ ክልከላው እስከ 2018 ቆየ። እንደገና በር ተዘጋ፤ አሁን ግን ከውስጥ በኩል። ተሻጋሪው አልቆመም፤ በጅቡቲና በየመን በረሃ ሄደ እንጂ። ለዜጋ ደኅንነት ተብሎ የተዘጋ በር ዜጋውን ለደላላ አሳልፎ ሰጠ።

፯. እንግዲህ ምን እንበል?

ድንበር ሁሉ ዛሬ ይፍረስ የሚል ሰው አይደለሁም። ማንም አገር ማን እንደሚገባበት የማወቅ መብት አለው፤ የእኛም አገር ያውቅ። የምለው ሌላ ነው። የቪዛ ጥያቄ ከዘመን ወደ ዘመን ይለዋወጣል፤ በ1882 «ሠራተኛ ነህ ወይስ ነጋዴ?» አለ፣ በ1901 «50 ቃላት ጻፍ» አለ፣ በ1924 «የማን አገር ሰው ነህ?» አለ፣ በ2020 «በወር ስንት ታገኛለህ?» አለ። ከጥያቄው ሥር ያለው ግን አልተለወጠም፤ «ከድኻ ወገን ነህ ወይ?» ነው። ወረቀቱ የሚለካው የተወለድንበትን ቦታና በኪሳችን ያለውን ገንዘብ ነው። ዕውቀታችንን አይለካም፤ ጠባያችንንም አይለካም። የተከለከለ ጓደኛችን ቢኖር ይህን እንንገረው፤ የተፈቀደለትም ቢኖር እንዳይኮራ ይህንኑ እንንገረው።

ጣታችንን ወደ ውጭ ብቻ አንቀስር። የአፍሪቃ ኅብረት በጁላይ 2016 በኪጋሊ የአፍሪቃን ፓስፖርት አስመረቀ፤ በጃንዋሪ 2018 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የነጻ ዝውውር ውል አጸደቀ። ውሉ ሥራ ላይ እንዲውል 15 አገሮች ማጽደቅ አለባቸው። እስከ 2024 ድረስ ያጸደቁት አራት ብቻ ነበሩ፤ ሩዋንዳ፣ ኒጀር፣ ማሊና ሳኦ ቶሜ ናቸው። በዚያው በ2018 ኢትዮጵያ ለአፍሪቃውያን ቪዛ ሲደርሱ መስጠት መጀመሯ የሚያስመሰግን ነው። ቢሆንም ስለ ሼንገን በር ስናማርር የኬንያው፣ የሱዳኑና የናይጄሪያው ተማሪ በእኛ በር ላይ ምን እንደሚገጥመው የጠየቅን ስንት ነን?

ሕግ የምታጠኑ ጓደኞቼ ስለ ይግባኙ ጻፉልን፤ ስለ ከፋላው ውል ጻፉልን። ታሪክ የምናጠናም ከዓረብ አገር የተመለሱትን እኅቶቻችንን ታሪክ ከራሳቸው አፍ እንሰብስብ፤ የኮቪላን ታሪክ ከ500 ዓመት በኋላ የምናውቀው በ1520 አንድ ሰው ጠይቆ ስለ ጻፈው ነው። ቪዛን ሰዎች በጉባኤ ተቀምጠው ሠሩት፤ በጉባኤም ይሻሻላል። ለዚያ ቀን ግን ማስረጃው ተጽፎ መገኘት አለበት።